ብልቃጡ ያልጠየቀው

አደም የሞተው የበራ ፋኖስ ፊት ተቀምጦ «መብራቱን ማን አጠፋው?» እያለ ነው።

የሸዋ ሮቢት ሰው ጂን ነው አለ። ጣሊያኑ ሐኪም ሳቀ። ሟቹ ያስመለሰውን አጣርቶ መርዝ መለያ ፈሳሽ ከያዘ ብልቃጡ ጠብ ቢያደርግበት፣ ፈሳሹ ነጭ ደመና ለበሰ። «የእፅ መርዝ ነው» ሲል ፈረደ። ለሟቹ እራቱን ያቀረበችው ሚስቱ ራቢዓ ነበረችና የጣሊያን ጦር አዛዡ ጁምዓ ዕለት እንድትሰቀል አዘዘ። ሐኪሙ ከተናገረ በኋላ ጂኑን የሚያነሳ ጥቂት ሆነ።

አስተርጓሚው ክንፈ ግን ፍርዱን ሲያስተረጉም ምላሱ ከበደው። እስክንድርያ ኬሚስትሪ ተምሮ የተመለሰ ሰው ነው፤ ከተመለሰ ወዲህ የተማረውንም፣ ተምሮ የናቀውን የአገሩን እምነትም እኩል ይጠራጠራል። ወደ እስር ቤቱ ወረደ። የሟቹ ወንድም ሷሊሕ በሩ ላይ ቆሟል።

«የወንድሜን ገዳይ ልታጽናና መጣህ?»

«ልጠይቅ ነው። ከመሞቱ በፊት ሌላ ምን አለ?»

«ጆሮዬ ውስጥ ንብ ገባ አለ። ንብ በማታ ይገባል? ጂኑም እሷም ተባብረውበታል!»

ክንፈ ወደ ራቢዓ ገባ። «እትዬ፣ ሐኪሙ ለባለቤትዎ ያዘዘውን የወባ ኪኒን እንዴት ነበር የሚውጠው?»

«ሐኪሙ ፀሐይዋን በጣቱ እያሳየ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ አለው። በረመዳን ቀን እንዴት ይዋጣል ጋሼ? የቀኑን ያስቀምጠው ነበር። ትኩሳቱ ሲብስበት፣ ካፈጠረ በኋላ ያለፈውን ሁሉ፣ ያመለጠ ሶላት ቆይቶ እንደሚከፈል፣ ቀዷ ብሎ በአንዴ ዋጠው።»

«ይህን ለሐኪሙ ነገሩት?»

«ማን ጠየቀኝ?»

በማግሥቱ ሁሉም አዛዡ ቢሮ ተሰበሰቡ። ክንፈ ሐኪሙን «ከራስዎ ኪኒን አንዱን በውሃ ያሟሙልኝ» አለው። የብልቃጡ ጠብታ ሲወድቅበት ያው ነጭ ደመና ተነሣ።

«ብልቃጡ አልዋሸም» አለ ክንፈ። «ኪኒንዎም ከእፅ የወጣ ነው፤ ብልቃጡ ሁለቱን አይለይም። ሲበዛ ጆሮ ያስጮኻል፤ ንቡ እሱ ነው። ዓይን ይጋርዳል፤ ፋኖሱ የጠፋበት ለዚህ ነው። ከዚያ ልብ ያቆማል። ለፆመኛ የቀን መድኃኒት ሲያዝዙ አልጠየቁም፤ እሱም ያስቀመጠውን ሁሉ በአንድ ማታ ዋጠ።»

ሐኪሙ ከደመናው ላይ ዓይኑን አላነሳም። ሷሊሕ ግንባሩን ያዘ። አዛዡ ራቢዓ ትፈታ አለ፤ ስለ ሐኪሙ ግን ትንፍሽ አላለም።

ከዒድ በኋላ ክንፈ ራቢዓን ገበያ መካከል አገኛት፤ እርጎ የሞላ ቅል ይዛ ብቻዋን ተቀምጣለች።

«ጋሼ፣ ከገመድ አወጡኝ። እርጎዬን የሚቀምስልኝ ግን አጣሁ። ‹ሐኪሙ መርዝ ብሏል› ይላሉ።»

ክንፈ ቅሉን አንሥቶ ጠጣ። የገበያው ሰው ሁሉ ይወድቃል ብሎ ጠበቀ።

ክንፈም ራሱ ጠበቀ።