የናስ ምስክርና መቶ እርምጃ

ንጉሥ ሐርሞን በነገሡ በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት፣ ክረምቱ በወጣ በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ በሰልዋን ቤተ ጥበብ አደባባይ የተገኙት እነዚህ ነበሩ። ንጉሡ ከነመኳንንታቸው፤ የቤተ ጥበቡ አለቃ ሊቀ ጥበብ አብርዮን፤ የናስ ምስክራቸውን በአንገታቸው ለማጥለቅ የተሰለፉ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ተመራቂዎች፤ በሰልፉ መጨረሻ፣ ሰው እንዳያየው አንገቱን ደፍቶ የቆመው ሰርድዮን፤ እንዲሁም ማንም ሳይጠራው የመጣ፣ እስከ ወገቡ ጭቃ የለበሰ አንድ ጀልባ ቀዛፊ።

ቀዛፊው ሸንቁጥ ይባላል። ከማዕዶት መንደር ሦስት ቀን ተጉዞ ነው የደረሰው። ከንጉሡ እግር ሥር አንድ ክብ የናስ ምስክር አስቀመጠ። ናሱ ላይ በረዶ ተጋግሮበታል፤ በጠራራ ፀሐይ እንኳ አይቀልጥም።

«ይህ በጌታ አዝማር አንገት ላይ የነበረ ነው» አለ። «አምና ከዚሁ አደባባይ አንደኛ ሆኖ የተመረቀው። ወንዙ መሐል ቆሞ ሳለ ድንግዝ መጣበት። ምስክሩን አነሣ። ድንግዝ ግን አልቆመም።»



ድንግዝ ከአሪማት ወንዝ ማዶ የሚኖር የጉም አውሬ ነው። ሥጋና አጥንት የለውም፤ የነካውን ሁሉ አድርቆ ይተወዋል። በየዓመቱ ውሃው ሲጎድል ለመሻገር ይሞክራል። በአያቶች ዘመን ምስክር ያጠለቀ አንድ ሰው በወንዙ ዳር ከቆመ፣ ድንግዝ መቶ እርምጃ ርቆ ይገታ ነበር። በአባቶች ዘመን አርባ እርምጃ ሆነ። አምና ሦስት። ዘንድሮ ምንም።

«ብዛቱ ነው ያረከሰው!» ሲል አንድ መኮንን ጮኸ። «ድሮ በዓመት ሰባት ሰው ይመረቅ ነበር። ዛሬ ምስክር የሌለው ፍየል ብቻ ነው!»

«የለም፣ ናሱ ነው» አለ ሌላው። «ቆርቆሮ እየቀላቀሉበት ነው።»

ሊቀ ጥበብ አብርዮን በትራቸውን መሬት ላይ መቱ። «የቤተ ጥበባችን ክብር በቀዛፊ ወሬ አይዋረድም! ምስክሩ በእጥፍ ከብዶ ይሠራ፤ ድንግዝም ይቆማል!»

«ጌታዬ፣ አውሬው ሚዛን አልያዘም» አለ ሸንቁጥ። «እኛ ግን አራት መቶ አባወራ ነን። ከአራት ቀን በኋላ ውሃው ከጉልበት በታች ይወርዳል።»

ሰርድዮን ይህን ሲሰማ ቀና አለ። ማዕዶት ተወልዶ ያደገባት መንደር ናት። እናቱ ከወንዙ ዳር ሦስተኛው ቤት ውስጥ ትኖራለች፤ እግሯ ስለማይሠራ መሸሽ አትችልም። እሱ ደግሞ ስለ ራሱ ምስክር የሚያውቀውን ያውቃል። በአሪማት ወንዝ ውስጥ ያሉትን የሰባቱን የድንበር ድንጋዮች አደራደር በብራና ላይ እንደ እሱ አሳምሮ የሚስል ተማሪ አልነበረም፤ የተመረቀውም በዚያ ነው። ድንጋዮቹን ግን አንድም ቀን በእጁ ነክቷቸው አያውቅም።

ከሰልፉ ወጣ።

«እኔ ሰርድዮን» አለ፤ ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም። እንደገና ጀመረ። «እኔ ሰርድዮን፣ የማዕዶቷ የወርቄላ ልጅ፣ ድንግዝን ሳልመልስ ወደዚህ አደባባይ ላልመለስ፣ ባሳደገኝ ወንዝና በእናቴ ስም እምላለሁ!»

ንጉሡ ምስክሩን በገዛ እጃቸው አጠለቁለት። ናሱ ደረቱ ላይ ሲያርፍ ቀላል ነበር፤ ቅለቱም አስፈራው።

በከተማይቱ በር ላይ አንዲት አሮጊት በበቅሎ ላይ ተቀምጠው ጠበቁት። የብራና ቤቱ ጠባቂ እማ ቀጸላ ናቸው። ከቀኝ እጃቸው ሁለት ጣት ይጎድላቸዋል።

«ብቻህን አትሄድም፣ ልጄ» አሉት።

«እማማ፣ መንገዱ እኮ ሦስት ቀን ነው» አለ ሸንቁጥ።

«አንተ እያወራህ ከሆነ ስድስት ይሆንብኛል። ይልቅ በቅሎዋን ሳብ።»

በሁለተኛው ቀን፣ ወፍ የማይጮህበትን ቆላ ሲያቋርጡ፣ ሰርድዮን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ። «እማ ቀጸላ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ምስክሬ ባዶ ነው?»

አሮጊቷ በቅሎዋን አቆሙ። ጣት የጎደለውን እጃቸውን ዘረጉለት።

«ይህን አውሬው ያውቀዋል» አሉ። «ድሮ ጎርፍ በየዓመቱ ሰባቱን ድንጋዮች ይበትናቸው ነበር። ከተመራቂዎቹ አንዱ ወንዙ ውስጥ ገብቶ በባዶ እጁ መልሶ ይደረድራቸዋል። ቅዝቃዜያቸው ጣት ይበላል። ድንግዝ የሚሸሸው ናሱን ፈርቶ አልነበረም፤ ናሱን ያጠለቀ ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል ስለሚያውቅ ነው። የመጨረሻዋ ደርዳሪ እኔ ነበርኩ፤ ስልሳ ዓመት ሆነ። ከዚያ የንጉሡ አያት አዘኑልን። የልጆች ጣት አይቆረጥ፣ ፈተናው በብራና ይሁን ብለው አዘዙ። ደግ ሰው ነበሩ። ክፉ አስበው አልነበረም።»

«አውሬውስ?»

«እሱ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየቀረበ ሞከራችሁ።»

ሸንቁጥ ቆም አለ። «ታዲያ አደራደሩን ለእኔ ይንገሩኝና እኔ ልግባ። ጣቴ እንደሆነ ለመቅዘፍ ስምንቱም ይበቃኛል።»

«መማሩ ስምንት ዓመት ይፈጃል፣ የኔ ጌታ። ይህ ልጅ ግን አደራደሩን በቃሉ ይዞታል። የጎደለው መንካት ብቻ ነው። የኔም እጅ ድርሻዋን ጨርሳለች፤ ድንጋዮቹ አንድን እጅ ሁለቴ አይቀበሉም።»

ሰርድዮን ቀኝ እጁን አየው። ብዕር የለመደ፣ ለስላሳ እጅ ነበር።

ማዕዶት የደረሱት በአራተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ነው። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፤ ወንዙ ማዶ ግን ነጭ ጨለማ ቆሟል። መሸሽ ያልቻሉት በራቸውን ዘግተዋል። ውሻ እንኳ አይጮህም። ከሦስተኛው ቤት የእናቱ ሳል ተሰማው።

ጉሙ ውሃው ላይ ወረደ። ከውስጡም የሟቹ የጌታ አዝማር ድምፅ መጣ።

«አሳየኝ።»

ሰርድዮን የሚያደርገውን ሳያውቅ ምስክሩን አነሣ። ጉሙ ተጠግቶ ናሱን እንደ ውሻ አሸተተው። ከዚያ ሳይቆም ወደፊት መጣ።

«ውሃው ውስጥ ግባ!» ብለው እማ ቀጸላ ከዳር ጮኹ።

ገባ። የመጀመሪያውን ድንጋይ ሲነካ ቅዝቃዜው እስከ ክርኑ ወጣ፤ እንደ እሳት ፈጀው። ስልሳ ዓመት ማንም ያልነካው ድንጋይ ነበር። በብራና ላይ ሺህ ጊዜ የሳለውን ቦታ በልቡ ፈልጎ አስቀመጠው። ድንጋዩ በዝግታ አጉረመረመ። ሁለተኛው መለሰለት። ሦስተኛው ላይ ጣቶቹ ነጡ፤ አምስተኛው ላይ የማን እንደሆኑ አላወቃቸውም። ጉሙ ልብሱን ከጀርባው ነካው፤ ጨርቁ ደርቆ ረገፈ። መሮጥ ፈለገ። ከዳር ሸንቁጥ በመቅዘፊያው ውሃውን እየደበደበ ይሳደባል። «ወዲህ ና፣ አንተ የጭስ ቁራጭ! ወደ እኔ ና!»

ሰባተኛውን ድንጋይ በሁለት እጁ ማንሣት አልቻለም፤ ቀኙ አልታዘዝ ብሎታል። በግራው እየገፋ፣ የደነዘዘውን ቀኝ እጁን ከሥሩ እንደ እንጨት ሸጉጦ፣ ቦታው ላይ አሳረፈው።

ሰባቱም ድንጋዮች በአንድ ድምፅ ጮኹ።

ጉሙ ቆመ። ሰርድዮን ዞረና እጁን ወደ ላይ አነሣ፤ እስከ አንጓው ከሰል መስሏል። ድንግዝ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመረ።

ሸንቁጥ እንባው እየወረደ በዓይኑ ለካው። «... ዘጠና ስምንት፣ ዘጠና ዘጠኝ፣ መቶ!»

እጁን እዚያው፣ በእናቱ ቤት ደጃፍ ላይ ቆረጡለት። እናቱ እስኪያልቅ ድረስ ግራ እጁን ይዛ አለቀቀችም።

ወደ አደባባዩ በተመለሰ ቀን ሊቀ ጥበብ አብርዮን ትልቁን መዝገብ ከፍተው ስሙን እንዲጽፍ ብዕር ሰጡት። ሁሉም የሚያደንቀው የእጅ ጽሑፍ ነበረው። ብዕሩን አየና ቀና አለ። እማ ቀጸላ በሦስት ጣታቸው ጻፉለት።

ንጉሡ ፈተናው ወደ አሪማት ወንዝ ዳር እንዲመለስ አዘዙ። በቤተ ጥበቡ ገና ከሚማሩት ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ተማሪዎች ስድስት መቶ ዘጠኙ ወደየቤታቸው ሄዱ። ሦስቱ በማግስቱ ጠዋት ከሰርድዮን ጋር ወደ ወንዙ ለመውረድ ተነሡ።