ትርፍ ነኝ ያለው ልጅ

ንቢት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። የምትኖረው ከአንድ መስታወት መሸጫ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ አባቷ አውቶቡስ ይነዳል። የወጣላት ስም ሌላ ነው፤ ግን ስትናደድ ስለምትናደፍ ጎረቤቱ ሁሉ ንቢት ይላታል። ድንቡሼ የሚሉት የአራት ዓመት ወንድም አላት። ልጆች፣ ምላስም እንደ ንብ እንደሚናደፍ ታውቃላችሁ? እስቲ ስሙኝ።

አንድ ቅዳሜ እናታቸው ሁለቱን ይዛ ወደ ትልቁ መዝናኛ ፓርክ ሄደች። አባታቸው ሥራ ላይ ነበር። በፓርኩ ውስጥ ጠጠር መጣያ አልነበረም። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ንቢት የመጣችው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከላይ ወደ ውሃው ቁልቁል ለሚወረወረው ጀልባ። ጠዋቱ ግን ሁሉ የድንቡሼ ሆነ። በሚሽከረከሩት ፈረሶች ላይ ሦስት ጊዜ ተቀመጠ። ፊኛው አመለጠውና አለቀሰ። አንድ እግር ጫማው ጠፍቶ ሲፈለግ ቆየ። ንቢት ጥርሷን ነክሳ ቻለች።

ከቀትር በኋላ የጀልባውን ሰልፍ ያዙ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆሙ። በሩ ጋ ለመድረስ አሥር ሰው ሲቀራቸው ድንቡሼ እግሮቹን አጣምሮ ሽንቴ መጣ አለ። እናቱ ቦታቸው እንዲጠበቅላቸው በረኛውን ለመነችው። በረኛው ከሰልፍ የወጣ ሰው ከመጨረሻው ይጀምራል አለ። ንቢት ብቻዬን ልጠብቅ ብትል፣ ልጅ ያለ ትልቅ ሰው አይሳፈርም ተባለች። ሦስቱም ወጡ።

የንቢት ደም ፈላ። ከመጸዳጃ ቤት ሲመለሱ እናታቸው ሁለቱን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ እዚያው ፊት ለፊታቸው ውሃ ልትገዛ ሄደች። ድንቡሼ ጠጋ ብሎ የእህቱን እጅጌ ጎተተ።

«እታለም፣ ተቆጣሽ?»

ያኔ ዝም ማለት ትችል ነበር። አፏ ግን ቀደማት።

«አንተ ትርፍ ነህ። እማዬ አልፈለገችህም። ማንም አልፈለገህም።»

ድንቡሼ ትርፍ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። ወንበር የሌለው፣ አባቱ ከአውቶቡሱ የሚያወርደው ሰው ነው። አላለቀሰም። እጅጌዋን ለቀቀና እጆቹን ጭኑ ሥር ከተታቸው። ንቢት አንጀቴ ይርሳል ብላ ነበር፤ አልራሰም። ልጆቼ፣ እዚህ ላይ ይቅርታ ብትል ኖሮ ታሪካችን አጭር ይሆን ነበር።

እንደገና ተሰለፉ። ከኋላቸው የቆሙ አንዲት ጃንጥላ የያዙ አሮጊት፣ ሕፃን ይዞ ሰልፍ ምን ይሉታል እያሉ ያጉረመርማሉ። ብዙ ቆይተው በሩ ላይ ደረሱ። በረኛው ስንት ናችሁ ሲል እናታቸው ሦስት አለች።

«ሁለት ናቸው» አለ ድንቡሼ። «እኔ ትርፍ ነኝ። ማንም አልፈለገኝም።»

እናቱ ክው አለች። ይህን ማን እንደነገረው ጠየቀችው። ድንቡሼ እህቱን አየት አደረገና አቀረቀረ። አላሳበቀባትም። እናቱ ግን ማጉረምረሙ ትዝ አላት። ዞር ብላ በአሮጊቷ ላይ እንደ እሳት ነደደች። ለሕፃን እንዲህ ያለ ቃል ይነገራል ወይ፣ እርስዎስ አልወለዱም ወይ እያለች ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ጮኸችባቸው። አሮጊቷ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። ጀልባው መጥቶ ቆሟል። በረኛው ግቡ፣ ግቡ ይላል። ንቢት አንድ እግሯን ጀልባው ውስጥ አስገብታለች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም።

እግሯን መለሰች።

«እማዬ፣ እሳቸው አይደሉም። እኔ ነኝ ያልኩት።»

እናትና ልጅ አሮጊቷን ይቅርታ ለመኑ። አሮጊቷ ፊታቸውን እንዳዞሩ ተሳፈሩ። ጀልባው እነሱን ትቶ ሄደ።

እናቷ አልመታቻትም። ሁለቱንም አጥሩ ጥግ ወሰደቻቸው።

«ወንድም ካልወለድሽልኝ ብለሽ ዓመት ሙሉ ያስቸገርሽኝ ማን ነበር? በይ፣ ንገሪው።»

ንቢት አልረሳችውም። ትራሷን በፎጣ ጠቅልላ ወንድሜ ነው ትል ነበር። በኀፍረት ጆሮዋ ጋለ። ድንቡሼ ፊት ተንበረከከች።

«ዋሽቼህ ነው። ከሁሉም በፊት የፈለግኩህ እኔ ነኝ።»

ድንቡሼ ሰማት። እጁን ግን አልሰጣትም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ፣ ምግብ በቀረበ ቁጥር ድንቡሼ ከጠረጴዛው ራቅ ብሎ ቆሞ «የኔም አለ?» ይላል። ንቢት ሆዷ ይባባል። ቃሌን መልስልኝ ብላ እግዚአብሔርን ለመነች። የወጣ ቃል አይመለስም፤ እግዚአብሔር ግን ትዕግሥት ሰጣት። ወንድሟ በጠየቀ ቁጥር፣ አሥሬም ቢሆን፣ ያንተም አለ እያለች ወንበሩን ሳበችለት።

በአራተኛው ቀን ቁርስ ላይ ድንቡሼ ማንንም ሳይጠይቅ ሮጦ መጣ፤ ዳቦዋን ከፊቷ ነጥቆ አፉን ሞላ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ንቢት ቤቱን በጩኸት ትሞላው ነበር። ያን ዕለት ግን ጉንጩ እንዲያ ተነፍቶ ስታየው እንባ በእንባ ሆነች፤ የቀረውንም ዳቦ ገፋ አድርጋ ሰጠችው።

ልጆች፣ በቁጣ የሚወጣ ቃል ለመናገር አፍታ፣ ቁስሉን ለማዳን ግን ብዙ ቀን ስለሚፈጅ፣ ስትናደዱ አፋችሁን ያዙ።