ተመልካች በሌለበት

አዛውንቱ ተዋናይ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ለማሾለክ ለአራተኛ ጊዜ ሞከሩ። ጭናቸው ላይ ከቴአትር ቤት የተዋሱት የፖስተኛ ካፖርት ተዘርግቷል፤ አንድ ቁልፉ ተበጥሷል። የአልባሳት ክፍሏ ሴትዮ «ጋሼ፣ ቁልፏን ሳይተክሉ ቢመልሷት የርስዎን ቆዳ ነው የምሰቅለው!» ብላ ስቃባቸው ነበር። ክሩ ግን እምቢ አለ። ትንፋሻቸው ሁለት ጊዜ አጥሮ አንድ ጊዜ ይረዝማል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ አውራ ጣታቸው የአልጋውን ጠርዝ ጫን ያደርጋል...

ይህ አተነፋፈስ የማን እንደነበር ያውቃሉ። የሚስታቸው ነበር።

አርባ ዓመት ሙሉ በመድረክም በቴሌቪዥንም ዘበኛ፣ ፖስተኛ፣ ጎረቤት ሆነው ኖሩ። መንገድ ላይ ስማቸውን የሚያውቅ የለም፤ «ጋሽ ጎረቤት! ዛሬም ስኳር ሊበደሩ ነው?» ሲላቸው አላፊ አግዳሚው፣ ስቀው ያልፋሉ። የሥራ ዘዴያቸው ከሰው መዋስ ነበር፤ አረማመዱን ከሰፈሩ ዘበኛ፣ ሳሉን ከእውነተኛ ፖስተኛ። ሚስታቸው ሳንባዋን ታማ ስትተኛ ሦስት ወር ከአጠገቧ አልተነሡም። በሞተች በዓመቱ፣ በአንድ ተከታታይ ድራማ ላይ የሚሞት ሰው ሆነው እንዲጫወቱ ተመረጡ። ምን ነካቸው? ካሜራው ሲበራ የእሷ ትንፋሽ ከደረታቸው ወጣ! ያየ ሁሉ አለቀሰ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ተሸለሙ።

አንድ ልጃቸው ግን ያን ምሽት በሩን በርግዳ ገባች። «የእማዬን ጣር ሸጥከው፣ አባባ! ለካ አጠገቧ የተቀመጥከው ልታጠናት ነው!»

ስድስት ዓመት አልተመለሰችም።

ባለፈው ማክሰኞ የራሳቸው ሳንባ ሲከዳቸው ደወሉላት። «ልጄ... መተንፈስ... አቃተኝ...»

«ጎበዝ። ቁርጥ እማዬን» ብላ ዘጋችው።

ዕድሜውን ሙሉ ሲያስመስል የኖረ ሰው እውነቱን በየትኛው ድምፅ ይንገር?

ለአምስተኛ ጊዜ ክሩን አነሡ። ከስልኩ ወዲህ እንቅልፍ አልወስድ ያላት ልጃቸው ገርበብ ካለው በር ውጭ ቆማለች። ሳታንኳኳ ልታያቸው ነበር የመጣችው። አላወቁባትም። ብቻቸውን ናቸው፤ የሚያጨበጭብም የሚያለቅስም የለም። ትንፋሹ ግን ያው ነው፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረዥም...

«አባባ! እውነትህን ነው እንዴ?» ሮጣ አቀፈቻቸው።

«መጣሽልኝ? እንደሷ ስተነፍስ... አጠገቤ ያለች ይመስለኛል። ያን ቀን ካሜራውን... ረስቼው ነበር።»

«በቃ፣ አትናገር» ብላ በስልኳ አምቡላንስ ጠራች።

«እስኪመጣ... ቁልፏን። ሴትዮዋ ቆዳዬን ትሰቅለዋለች።»

እያለቀሰች ሳቀች። ጭንቅላታቸውን ትከሻዋ ላይ አስደገፈች፤ ክሩን በምራቋ አርጥባ በአንዴ አሾለከችው። መርፌው ሲገባና ሲወጣ አውራ ጣታቸው ክንዷን ጫን፣ ጫን ያደርግ ነበር። የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ስትደርስ ጣቱ ቆመ።

አቤት ዕጣ! ለአንዱ ሙሉ ቴአትር ትሰጣለህ፤ ለሌላው አንዲት መስመር፣ እሷንም መጋረጃው ሊዘጋ ሲል።

ሳይረን ከሩቅ ተሰማ። ልጅቱ ቀስ ብላ አስተኛቻቸው። ክሩን ቋጠረች፣ በጥርሷ በጠሰችው፤ ካፖርቱን አራግፋ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው።