የጎደለችው ክፍልፋይ

ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩት መምህር ሰላሁን ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ካለው ቤታቸው፣ ከነጭ ሰሌዳቸው ሥር ሞተው ተገኙ። አጠገባቸው በርጩማ ተገልብጧል፤ ጠረጴዛው ላይ ደብተራቸው ተከፍቷል፤ ሰሌዳው ላይ አንድ የሒሳብ ጥያቄ ከነመልሱ ተጽፏል። ላዩን ላየው ሲጽፉ የወደቁ ይመስላል።

ኢንስፔክተር ዘሀራ አልተዋጠላትም። የማርከሩ ክዳን ተገጥሟል። እየጻፈ የሚወድቅ ሰው መች ክዳን ይገጥማል? ክፍሉን ዘጋችና በዚያ ጠዋት ቤቱ የደረሱትን ሦስት ሰዎች ለየብቻ አነጋገረች።

«ሜክሲኮ ደርሼ ስመለስ ወድቆ አገኘሁት» አሉ እህታቸው ወይዘሮ ወይንሀረግ።

«ሒሳብ ይሞክራሉ?»

«ፊደሉንም በመከራ ነው የለየሁት፣ ልጄ።»

ተማሪያቸው ኤፊ ዓይኗ አብጧል። «ሦስት ሰዓት ላይ ስወጣ ሰሌዳው ባዶ ነበር። ጋሼ ከፍቷቸው ነበር። ‹አንድ ሰው ጠርቻለሁ፤ ጥፋቱን በራሱ አንደበት እንዲናገር እለምነዋለሁ› አሉኝ።»

የኮሌጅ ባልደረባቸው የሚደቅሳ መልስ አጭር ነበር። «አንኳኳሁ፤ የሚከፍት አጣሁና ተመለስኩ።»

ዘሀራ ለሦስቱም የሰሌዳውን ጥያቄ ብቻ የገለበጠችበት ወረቀት ሰጠች፤ አንድ ሲካፈል ለኤክስና ለ(ኤክስ ሲቀነስ አንድ) ካሬ ብዜት፣ 1/[x(x−1)²]። «ወደ ትንንሽ ክፍልፋዮች በትኑልኝ» አለች።

ቆይታ ሁሉንም ሰሌዳው ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ከታች ያለው አካፋይ ሲደጋገም፣ ለራሱም ለካሬውም የየራሳቸው ክፍልፋይ ይጻፋል። ወይዘሮ ወይንሀረግ ወረቀቱን ባዶውን መለሱ፤ ኤፊ ሦስት ክፍልፋዮች ጻፈች። ሰሌዳው ላይ ግን ሁለት ብቻ ናቸው፤ መካከለኛዋ የለችም።»

«ሰው ይሳሳታል» አለ ሚደቅሳ።

«በኤክስ ቦታ ሁለትን ያስገቡ። ጥያቄው ግማሽ ይሆናል፤ የሰሌዳው ድምር አንድ ተኩል። መምህር ሰላሁን ይህን ሲያስተምሩ ነው የኖሩት። ጥያቄውን ከተከፈተው ደብተራቸው ገልብጦ የሠራው ሌላ ሰው ነው። እርስዎም ወረቀትዎ ላይ እነዚያኑ ሁለቱን ብቻ ጻፉ።»



ዘሀራ ከጠረጴዛው መሳቢያ ያገኘችውን ደብዳቤ ዘረጋች። «መምህር ሰላሁን ለኮሌጁ የጻፉት ነው። የእርስዎ ዲግሪ ሐሰተኛ ስለሆነ ይጣራ ይላል።»

ሚደቅሳ ወንበር ላይ ተቀመጠ። «ልጆቼ ፊት አታዋርደኝ ብዬ ለመንኩት። እምቢ ሲለኝ ገፋሁት። ጭንቅላቱ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተጋጨ። ሲያስተምር የወደቀ እንዲመስል ብዬ ጻፍኩ።»

«ደብዳቤው የተጻፈው መቼ ነው?» አሉ ወይዘሮ ወይንሀረግ።

ዘሀራ ቀኑን አየች። «ሦስት ወር ሆኖታል።»

«ሦስት ወር ሙሉ ሊልከው አልጨከነም» አሉ ሴትዮዋ፣ ሚደቅሳን እያዩ። «አዝኖልህ ነበር።»