ከፍርስራሹ ሥር

ናይሮቢ ከተማ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤት ያላቸውን አቶ አለኸኝን የሚያውቅ ሁሉ ሳቃቸውን ያውቅ ነበር። እሳቸው እንግዳ እየተቀበሉ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ አያልነሽ ወጥ ቤቱን ይዘው፣ እዚያው የተወለደችውን አንዲት ልጃቸውን ሚዛንን ለዩኒቨርሲቲ አበቁ። ምን ጎደለባቸው? ምንም! ግን አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወይዘሮ አያልነሽ ምድጃው ፊት ወደቁ። ባል በሆስፒታሉ ኮሪደር ተንበርክከው ፈጣሪን ለመኑ፤ አልሆነም። ሚዛን ፈተና ላይ ስለነበረች ስልኳን ዘግታለች፤ ስትደርስ የእናቷ ፊት ተሸፍኗል...

ሐዘን ሰውን ምን አያናግረው! ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ እየሰማ አባት በልጃቸው ላይ ጮኹ።

«ስምሽን እየጠራች ነው የሞተችው! ከዓይኔ ጥፊ!»

ሚዛን ልብሷን በሻንጣ ከትታ ወጣች፤ ከከተማው ዳር ባለ አዲስ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየች። አቶ አለኸኝም ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልረገጡም፤ አንዲት ጸሎት ከአፋቸው አልወጣችም። ስምንት ወር ሙሉ አባትና ልጅ በአንድ ከተማ እየኖሩ ሳይተያዩ ቀሩ። ስንት ጊዜ አባት ስልካቸውን አንስተው፣ ቁጥሯ ላይ ሲደርሱ መልሰው እንዳስቀመጡት ማን ያውቃል?

በሚያዝያ ዝናብ ያ ፎቅ ተደረመሰ።

የልጃቸውን አድራሻ ከሰው ሰምተው የነበሩት አቶ አለኸኝ ሲደርሱ ስድስቱ ወለል አንድ ክምር ሆኗል። ሁለት ቀን ዝናብ እየወረደባቸው ቆሙ። አስከሬን በወጣ ቁጥር ብርድ ልብሱን ገልጠው አዩ። እሷ አይደለችም... ይህችም እሷ አይደለችም... በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ የነፍስ አድን ሠራተኞቹ አለቃ ኦቲየኖ ትከሻቸውን ያዘ።

«ምዜ፣ አባቴ፣ ከእንግዲህ በሕይወት የሚገኝ ሰው ያለ አይመስለንም። ፍርስራሹን የሚዝቅ ኤክስካቫተር ልናስገባ ነው፤ አይዞዎት።»

የማሽኑ ሞተር ተነሣ። አቶ አለኸኝ ጭቃው ላይ ተንበርክከው፣ ለስምንት ወር የዘጉትን አፍ ከፈቱ።

«ጌታዬ ሆይ! ጥፊ ያልኳት እኔ ነኝ... አንተ ግን አታጥፋት! በእሷ ላይ የተናገርኩትን በእኔ ላይ አድርገው! ልጄን መልስልኝ! ሚዛን! ሚዛኔ!»

ቋንቋቸውን የማያውቁት ሁሉ አለቀሱ። የማሽኑ ሹፌር ሞተሩን አጠፋ። ሰፈሩ ጸጥ፣ ረጭ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ከታች፣ ከኮንክሪቱ ሥር...

«ዳዲ...»

ኦቲየኖ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ «ኒያማዜኒ! ዝም በሉ!» አለ። በደረቱ ተኝቶ ጆሮውን ፍርስራሹ ላይ ለጠፈ። ቀና ሲል ፊቱ በእንባ ርሷል። «አለች! በሕይወት አለች!»

ማሽኑ ወደ ኋላ ተመለሰ። በመዶሻ፣ በአካፋ፣ በጥፍራቸው ጭምር ቆፈሩ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ አወጧት። ግራ እግሯ ከጉልበት በታች አልተረፈም። ዓይኗ ግን ተከፍቶ አባቷን ይፈልግ ነበር።

«ማሪኝ ልጄ... ማሪኝ» አሉ አቶ አለኸኝ፣ ጭቃ የለበሰ እጇን እየሳሙ።

«ዳዲ፣ አሁን ውሃ ስጠኝ» አለች በደከመ ድምፅ። «እሱን ቤታችን ስንገባ እናወራለን።»

ቤታችን! ያቺን ቃል ሲሰሙ ያለቀሱት ልቅሶ ለሚስታቸው ካለቀሱት በለጠ።

ዛሬ ሚዛን በሰው ሠራሽ እግር እየተራመደች ትምህርቷን ጨርሳለች። ለምን አያልነሽ ሄዳ ሚዛን ተመለሰች? በዚያ ዝናብ ውስጥ ልጆቻቸውን ያጡት ሌሎች አባቶችስ አልጮኹም ነበር? አቶ አለኸኝ አያውቁም። በየእሁዱ ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከልጃቸው ጎን ቆመው፣ መጀመሪያ ለእነዚያ አባቶች ይጸልያሉ።