ያልደረቀው እጀታ

ፈጠራ ነው የምትሉኝ ካላችሁ ከአሁኑ እለፉት፤ አልከራከርም። እኔ የምጽፈው በገዛ ቤቴ የሆነውን፣ በገዛ እጄ የነካሁትን ነው። ሽታው እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልወጣም...

ጊዜው 1982 ዓ.ም.፣ ሚያዝያ። ቦታው ዛሬ አዳማ የምትሏት ናዝሬት፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለች ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት።

ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ተኩል።

አዎ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ጨለማ አልነበረም፤ መብራትም አልጠፋም።

ስሜ ጥሩነሽ ነው። ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ነበርኩ፤ አንድ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት እሠራ ነበር። የምኖረው ከታናሽ ወንድሜ ከዘገዬ ጋር ነው። እናታችን ልጆች ሳለን፣ አባታችን ደግሞ ከሦስት ዓመት በፊት ሞተውብናል።

ዘገዬ አሥራ ስምንት ሞልቶት ነበር።

ያን ዘመን የኖረ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ለማያውቅ ልንገረው። እዚያ ዕድሜ ላይ ያለ ወንድ ልጅ መንገድ ላይ ከታየ ይታፈሳል። ዳቦ ሊገዛ የወጣ በዚያው ማሠልጠኛ ይገባል፣ ከዚያ ጦር ግንባር... ከዚያ ወሬውም የለም። ከሰፈራችን አምስት ልጆች ሄደው የተመለሰው አንድ ነው። እሱም ያለ እግር።

ስለዚህ ወንድሜን ቤት ውስጥ ደበቅኩት።

ግን እስቲ ንገሩኝ፣ አንድን ጎረምሳ በዚያ ሙቀት፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ሙሉ ቀን እንዴት አድርጋችሁ ታስቀምጡታላችሁ? ያሉትን መጻሕፍት ጨረሰ። ከግድግዳው ጋር መነጋገር ጀመረ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አንድ እግሩን አጥሩ ላይ ሰቅሎ አገኘሁት። በሸሚዙ ጎትቼ አወረድኩት። ሰደብኩት፣ አለቀስኩ፣ እንደገና ሰደብኩት።

በማግስቱ ጂብሪል ዘንድ ሄድኩ።

ጂብሪል በጅቡቲ ባቡር ዕቃ እያመጣ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ሬዲዮ፣ ሰዓት፣ ሽቶ... የሌለው የለም። አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር አይቼበት ነበር። ዛሬ የምታውቁት ዓይነት አይደለም፤ እንደ ታይፕ መኪና ቁልፍ የተደረደረበት አንድ ሳንቃ ብቻ ነው፣ ከቴሌቪዥን ጋር ይያያዛል፣ ጨዋታው ከካሴት ይጫናል። የእናቴን የጆሮ ወርቅ ሰጥቼ ወሰድኩት።

ዘገዬ አበደበት። ድምፁን አጥፍቶ ከጠዋት እስከ ማታ አውሮፕላን ሲያበር ይውላል። አጥሩን ረሳው። እኔም እንቅልፍ አገኘሁ።

ችግሩ መሪው ነበር።

ጆይስቲክ የምትሉትን እኛ ቤት "መሪ" ነበር የምንለው። የመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ከአንገቱ ተቀነጠሰ። በዚያው ቀን ዘገዬ ዓይኑን በሩ ላይ ተከለ።

ሁለተኛውን ራሴ መረጥኩ። ቀኑን ሙሉ ቁልፍ የምመታ ሴት ነኝ፤ ጣት የሚበዛበት ዕቃ ቀድሞ የት እንደሚሞት አውቃለሁ። ገመዱን ከሥሩ አጥፌ አየሁት። ቁልፉን ደጋግሜ ተጫንኩት። አንገቱ ብረት መሆኑን በጥፍሬ አንኳኳሁ። የማይበገር ነበር፤ ዋጋውም አቅሜን አላለፈም። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረው። የእጀታው ላስቲክ ወልቆ ሹል ጠርዙ አግጥጧል። ለአንድ ሰዓት የያዘው ሰው መዳፉ ይላጣል።

"የሚመቸውም አለ" አለ ጂብሪል። "ግን የወር ደሞዝሽን ይፈልጋል።"

"ይሄን ስጠኝ። እጀታውን እኔ አለሰልሰዋለሁ" አልኩት።

ምነው ምላሴን በቆረጠው!

አባታችን ካሣ በወንጂ ስኳር ፋብሪካ አገዳ ቆራጭ ነበር። ቆራጮቹ ገጀራው መዳፋቸውን እንዳይልጠው እጀታውን ጥሬ ቆዳ ያለብሱታል። ቆዳውን ዘፍዝፈው እርጥቡን ወጥረው ይሰፉታል፤ ሲደርቅ እንጨቱን አንቆ ይይዛል። አይንሸራተትም፣ ዕድሜ ልክ አያልቅም። አባባ ሲሰፋ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ስንቴ አይቼዋለሁ።

አዲስ ቆዳ ፍለጋ አልሄድኩም። የአባባ ገጀራ አልጋዬ ሥር ነበረ። የሥራ ባልደረባው ኦቦ ኡርጌሳ ከቀብሩ በኋላ በጨርቅ ጠቅልለው ያመጡልን ነው። የእጀታው ቆዳ የአባባን ላብ አሥራ አምስት ዓመት ጠጥቶ ጠቁሯል። የጣቶቹ ቦታ ሰርጎድ ሰርጎድ ብሎ ይታያል።

ስፌቱን በምላጭ ፈትቼ ውሃ ውስጥ ነከርኩት።

ውሃው ጠቆረ። ደፋሁት፣ ቀየርኩት። እንደገና ጠቆረ።

አምስት ጊዜ ቀየርኩ። በስድስተኛው የቀዘቀዘ የሥጋ መረቅ የመሰለ ሞራ ላዩ ላይ ረጋ። አንገሸገሸኝ። እኔ ደግሞ በመጸየፍ አልታማም፤ ሰው የጠጣበትን ብርጭቆ በሁለት ጣት ነው የማነሳው። ግን ዘገዬ መስኮቱ ጋ ቆሞ አጥሩን እያየ ነበር...

ትንፋሼን ይዤ ሰፋሁት። ልክክ አለ። ከዚያ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።

በናዝሬት የሚያዝያ ፀሐይ አንሶላ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። ቆዳው እስኪመሽ አልደረቀም።

በማግስቱም አልደረቀም።

በሦስተኛው ቀን ዘገዬ መታገሥ አቅቶት አንስቶ ያዘው። ፊቱ በራ።

"እትዬ፣ እንዴት ይመቻል! በልኬ የተሠራ ነው የሚመስለው።"

"እርጥብ አይደለም እንዴ?"

"ትንሽ። ግን ይሞቃል።"

ነካሁት። እውነትም ይሞቃል... የብብት ሙቀት። እጄን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን በየተራ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ዝንቦች መጡ። ወጥ ከድስት ወጥቶ ተቀምጦ ዝንቦቹ መሪው ላይ ነው የሚያርፉት። ዘገዬ ሲጫወት ጣቶቹ መሃል እየገቡ ይልሳሉ። እሱ አያባርራቸውም።

ከዚያ ላቡ። ማንም ሳይነካው የተቀመጠውን መሪ በነጭ ጨርቅ ጠረግኩት። ጨርቁ ቢጫ ሆነ። ዞር ብዬ ስመለስ እንደገና አቸፍችፏል።

ከዚያ ስፌቱ። በሰማያዊ ክር ነበር የሰፋሁት። ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። በክሩ ቦታ የዳነ ቁስል የመሰለ ቀጭን መስመር ብቻ አለ።

ዘገዬ በዚያው እጁ ይበላል። ወጡን ጠቅልሎ ሲጎርስ፣ ጣቱን ሲልስ እያየሁ እጄን ከገበታው እሰበስባለሁ። "ታጠብ!" እላለሁ። "ታጥቤያለሁ" ይላል። ታጥቦም ያብረቀርቃል። ምግብ ተውኩ፤ ከስቼ ቀሚሴ ሰፋኝ።

በመጨረሻ ሽታው መጣ።

አባባ የሞተው በእጁ ቁስል ነው። ገጀራው አውራ ጣቱ ሥር ቆረጠው፣ ቁስሉ መረቀዘ። ሐኪሙ እጁ ካልተቆረጠ አይድንም ቢል እንቢ አለ። አሥራ አንድ ቀን ያን ቁስል ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ሳጥበው በዚያው አውራ ጣቱ የእጄን ጀርባ ይደባብስልኝ ነበር። ያን ሽታ ከሺህ ሽታ እለየዋለሁ።

ከመሪው የሚወጣው እሱ ነበር።

በዚያ ሰሞን ኦቦ ኡርጌሳ ሊጠይቁን መጡ። ዘገዬ ጓሮ ነበር። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ያለውን መሪ አይተው ጎንበስ አሉ፣ በአንድ ጣት ነኩት። ጣታቸውን ወዲያው ሰበሰቡ።

"ከየት ነው?" አሉ በሹክሹክታ።

"ከአባባ ገጀራ።"

"ዘፈዘፍሽው?"

"አዎ..."

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ... አዲስ ቆዳ ነው የሚዘፈዘፈው። ሰው የሞተበት እጀታ እንዳለ ይቀመጣል። ውሃ አናስነካውም።"

"ለምን?"

"እንጃ። እኛ አናደርገውም። ጣይው።"

"ከጣልኩትማ ልጁ ይወጣል። ከወጣ ይወስዱታል፣ እርስዎ አያውቁም?"

ያቀረብኩላቸውን ውሃ ሳይቀምሱ ወጡ። ደጅ ላይ ጣታቸውን አፈር ውስጥ ደጋግመው ሲያሹ በመስኮት አየኋቸው።

እንግዲህ ፍረዱብኝ። አውቄ ነው የተውኩት። ወንድሜ ቤት ውስጥ ነው፣ በሕይወት አለ፤ ይሽተት ብዬ ተውኩት። አፌን በነጠላ ሸፍኜ ወለሉን በረኪና እየደፋሁበት ከዚያ ነገር ጋር መኖር ያዝኩ።

እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ።

ሰባት ተኩል ሲሆን ምሳ አቅርቤ ጠራሁት። አልመጣም። ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብሏል፤ ጨዋታው አልቆ መስታወቱ ላይ ነጭ መስመር ብቻ ይርገበገባል። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ዘገዬ... ልቀቀውና ና ብላ።"

"ለቅቄዋለሁ እኮ" አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እጁን አየሁ። አምስቱም ጣቶቹ ተዘርግተዋል። እጁን ወደ ላይ አነሳ... መሪው አብሮት ተነሳ።

በሩ ተደበደበ።

"ክፈቱ! ቀበሌ ነው!"

ለመደበቅ ጊዜ አልነበረም። በረንዳውን አልፈው ገቡ። አንዱ ገሠሠ የሚባል የቀበሌያችን ጥበቃ ነው፤ ሌላው ወጣት ወታደር። ገሠሠ ወንድሜን ሲያይ ፈገግ አለ።

"እህ... ጥሩነሽ። ወንድሜ የለም፣ አዲስ አበባ ነው አላልሽም?"

እግሩ ላይ ወደቅኩ። ወታደሩ አልፎኝ ሄደና በአንድ እጁ የዘገዬን አንጓ፣ በሌላው መሪውን ይዞ ሳበ።

እርጥብ ፋሻ ከቁስል ላይ ሲላቀቅ የሚያሰማውን ድምፅ ታውቁታላችሁ? እሱ ነው። መሪው ወጣ። የመዳፉ ቆዳ አብሮት ወጣ።

ዘገዬ አልጮኸም። ከመዳፉ ቢጫ ውሃ እየወረደ ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ወታደሩ የያዘውን ወርውሮ ደጃፉ ላይ ተጎንብሶ አስመለሰ። ያን የነካ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ፣ እየጠረገ...

ገሠሠ አፍንጫውን ያዘ። "ምንድነው ይሄ? ስንት ጊዜው ነው?"

"ሦስት ዓመት" አለ ዘገዬ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ለምን እንደዚያ እንዳለ እሱም አያውቅም ነበር።

"ተወው" አለ ገሠሠ ወታደሩን። "ይሄ እጅ ጠመንጃ አይዝም። በዚያ ላይ ካምፑን ይበክላል።"

ሄዱ። ተመልሰውም አልመጡም። ወንድሜ ተረፈ።

ቆዳውን በዚያው ሰዓት በምላጭ ቀደድኩት። ከሥሩ ያለው ፕላስቲክ ደረቅ ነበር፣ አቧራ ሁሉ ነበረበት። የቆዳው የውስጥ ገጽ ግን ለስላሳና ቀይ ነው፣ የሕፃን ድድ ነው የሚመስለው። ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ልጥለው ስል ጣቴ ላይ ተጣበቀ። አራገፍኩት፣ አልወርድ አለ። በእንጨት ፍቄ ነው የጣልኩት። ከዚያ ሆዴ ባዶ እስኪቀር አስመለስኩ።

የዘገዬ መዳፍ በስድስት ቀን ዳነ። ፋሻውን ስፈታ ግን አዲሱ ቆዳ ጠቁሮ፣ ወፍሮ፣ ጣቶቹ ሥር ጠጥሮ ነው የወጣው። አገዳ ነክቶ የማያውቅ ልጅ የአገዳ ቆራጭ መዳፍ አወጣ። ያን መዳፍ አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ ስስመው ነው ያደግኩት። አሁን ግን መንካት አስጠላኝ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሳልጸየፍ ጨብጬው አላውቅም።

ዓመት ከምናምን አለፈ። በ1983 ግንቦት መጨረሻ መንግሥት ወደቀ። አፈሳ ቀረ። የተደበቁ ልጆች ሁሉ ገርጥተው፣ ዓይናቸውን በእጃቸው ከልለው ወደ መንገድ ወጡ።

በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። "ውጣ! ዛሬ ማንም አይነካህም።"

አቀፈኝ። ጉንጬን ሳመኝ፣ ሳቀ። ሮጦ ደጃፉን አለፈ... ቆመ።

"ምነው? ሂድ እንጂ!"

"እየሄድኩ ነው፣ እትዬ..."

እግሮቹ ይራመዳሉ። ጫማው አፈሩን ይጭራል፣ አቧራው ይነሳል። ከቦታው ግን ንቅንቅ አላለም። ዓይኔን ወደ ኋላ መለስኩ።

ቀኝ እጁ የበሩን መቃን ጨብጧል።

ሮጥኩ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ማላቀቅ ጀመርኩ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ የመጀመሪያው ተመልሶ ይጨብጣል። ጎረቤት ተጠራ፣ ሐኪም መጣ፣ ጸበልም ተረጨ፤ እስከ ዛሬ፣ ፀጉሩ እስኪሸብት፣ ወንድሜ ከዚያ ደጃፍ አላለፈም።

ያን ቀን ግን ገና ተስፋ ነበረኝ። በሁለት እጄ ይዤ፣ በጥርሴም ጭምር እታገላለሁ። ዘገዬ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ይጮኻል፣ ያለቅሳል፣ የያዝኩት እኔ መስዬው "ልቀቂኝ!" ይላል። ጀርባው ነው የሚታየኝ፤ አላየኝም።

እጁ ያኔ መቃኑን አልለቀቀም። አውራ ጣቱ ብቻ ቀስ ብሎ ተነሳና፣ እርጥብና ትኩስ ሆኖ፣ የእጄን ጀርባ መደባበስ ጀመረ።