ወደ ኒውፖርት የሚሄደው ባቡር

አቶ ደግነት የሞቱት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፋንታዬ ማታ ከሥራ ሲመለሱ፣ ኦክላንድ በሚገኘው ቤታቸው ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ተዘርረው አገኟቸው። ጭንቅላታቸው ከኋላ ተፈንክቷል። የመጡት ፖሊሶች ሽማግሌው ደረጃ ስቶ ወድቋል ብለው ጽፈው ሄዱ። ልጃቸው ሳሌም ግን አልተዋጠላትም። ሰኞ ጠዋት ሳን ሆዜ ወደምትሠራው ወደ ሀረገወይን ደወለች።

«አባዬ በጣም ኬርፉል ነው» አለቻት። «የደረጃውን ሬይል በእጁ ሳይዝ ወርዶ አያውቅም። ፖሊሶቹ ጀስት ፎርም ሞሉ።»

ሀረገወይን አዲስ አበባ ፖሊስ ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት የነፍስ ግድያ መርምራለች። እዚህ ደግሞ የግል መርማሪ ፈቃድ አውጥታ ለኢንሹራንስ ካምፓኒዎች ትሠራለች፤ ወገቤ ተሰበረ ብለው ክስ የመሠረቱ ሰዎች ሠርግ ላይ ሲጨፍሩ ፎቶ ታነሣለች። ለሰው ልጅ የነበራት ጥቂት አክብሮት በዚህ ሥራ ተሟጧል። ሟቹንም በዝና ታውቃቸዋለች። ስማቸው ከጠባያቸው ጋር የማይተዋወቅ፣ በየስብሰባው እየተነሡ የሰው ስህተት የሚያርሙ፣ አርመውም የሚስቁ ሰው ነበሩ። ሮድ አይላንድ በምትባለው፣ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ በቆዳ ስፋት ትንሿ በሆነችው ግዛት፣ ፕሮቪደንስ ከተማ ሃያ ዓመት የጌጣጌጥ ፋብሪካ ሠራተኛ ሆነው ኖረዋል። ጡረታ ወጥተው ወደዚህ ከመጡ በኋላ የግዛቲቱን መልክዓ ምድር፣ ታሪክና ኢኮኖሚ በአማርኛ ጻፉ። መጽሐፉ የሚመረቀው በመጪው እሑድ ነበር።

ምድር ቤቱ የሟቹ ማንበቢያ ክፍል ነው። ጠረጴዛው ላይ ከአንድ መነጽር በስተቀር ምንም የለም። ሀረገወይን፣ ሟቹ ያደረጉት መነጽር የትኛው እንደሆነ ወይዘሮ ፋንታዬን ጠየቀች። ፖሊሶቹ በፕላስቲክ ከረጢት የመለሱትን አመጡላት።

«ይኼ የማንበቢያው ነው» አሉ። «ሲራመድ አያደርገውም። ወለሉ ይንሳፈፍብኛል ይላል።»

የመራመጃው ጠረጴዛ ላይ የማንበቢያው ደግሞ ዓይናቸው ላይ ከነበረ፣ አቶ ደግነት ደረጃውን እየወረዱ አልነበረም፤ ተቀምጠው እያነበቡ ነበር። መደርደሪያው ላይ ከፋብሪካው ያመጧቸው፣ የደረት ጌጥ የሚታተምባቸው ከባድ ብረቶች ተደርድረዋል። ሁሉም አቧራ ለብሰዋል። አንዱ ብቻ ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ሀረገወይን ሳትነካው ለከተማው ፖሊስ መርማሪ ደወለች። በማግሥቱ ከብረቱ ስንጥቅ ውስጥ የሰው ደም ተገኘ።

ሲያነብቡ የነበረው ነገር ግን ከክፍሉ ጠፍቷል። ምን እንደነበር የነገራት አታሚው ዘነበ ነው። ሳን ሆዜ ውስጥ ትንሽ ማተሚያ ቤት አለው። ቅዳሜ በምሳ ሰዓት የመጽሐፉን የማረሚያ ቅጂ ለአቶ ደግነት አድርሶ ተመለሰ። ሱቁ ሳይደርስ በስልክ ስድብ አወረዱበት።

«ካርታው ላይ ተሳስቼ ነው» አለ ዘነበ፣ አሁንም ጆሮው እየቀላ። «ኒውፖርት ያለችበት ደሴት ላይ ‹ብሎክ አይላንድ› የሚል ስም ገባብኝ። ብሎክ አይላንድ እኮ ራቅ ብሎ ባሕሩ ውስጥ ያለ ሌላ ደሴት ነው። አህያ አሉኝ።»

«ስንት ቅጂ ነበር ያተምከው?»

«አንድ። እንደደረስኩ ኮምፒውተሩ ላይ አስተካከልኩት። አፍሬ ለሚስቴም አልነገርኳትም።»

የተሰደበ ሰው ሊገድል ይችላል። ዘነበ ግን ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ድረስ በሠርግ መጥሪያ ቀለም ከሙሽሪት እናት ጋር ሲጨቃጨቅ ውሏል፤ ሴትዮዋም ጭቅጭቁን አንድ በአንድ ለሀረገወይን ተረከችላት። ወይዘሮ ፋንታዬ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሪችመንድ፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ሥራ ላይ ነበሩ። ከመጽሐፉ ጋር ከተነካኩት የቀሩት መቅድሙን የጻፉት ዶክተር ፍሬምናጦስ ናቸው። የአንባብያን ማኅበር ሊቀ መንበር ሲሆኑ ከኦክላንድ ብዙ በማትርቀው ዳብሊን ከተማ ይኖራሉ።

ሀረገወይን ወደ ዳብሊን በሚወስደው ባቡር ላይ ዘነበ ያተመላትን የተስተካከለ ቅጂ አነበበች። መቅድሙ ስለ ሮድ አይላንድ ሁለት መስመር፣ ስለ ዶክተሩ ሦስት ገጽ ነበር። «ለዶክትሬት ጥናቴ ስድስት ዓመት ፕሮቪደንስ ስኖር፣ እሑድ እሑድ በባቡር ወደ ኒውፖርት እወርድ ነበር» ይላል፤ ሥሩ ላይም ዶክተሩ የምረቃ ጋዎን የለበሱበት ትልቅ ፎቶግራፍ አለ። ከዚያ የአቶ ደግነት ጽሑፍ ይጀምራል። ከኦክላንድ ተነሥቶ ሳን ሆዜን ጥቂት ያለፈ ሰው የግዛቲቱን ርዝመት ጨረሰ ይላሉ። በሃይማኖቱ ምክንያት ከማሳቹሴትስ የተባረረ ሰባኪ እ.ኤ.አ. በ1636 እንዴት እንደቆረቆራት፣ የኒውፖርት ነጋዴዎች በባሪያ ንግድ እንዴት እንደከበሩ፣ በወንዝ ውሃ የሚዞር የጥጥ መፍተያ እንዴት እንደተተከለ፣ ፕሮቪደንስ በርካሽ ጌጣጌጥ እንዴት እንደታወቀች ጽፈዋል። መጽሐፉ ደኅና ነበር። ይኼ ሀረገወይንን አናደዳት። ይኼን የመሰለ ነገር መጻፍ የሚችል ሰው ዕድሜውን ሰው ሲያዋርድ ጨረሰው።

ዶክተሩ ሳሎናቸው ውስጥ፣ በገዛ ፎቶግራፎቻቸው ተከበው ተቀበሏት።

«ከአቶ ደግነት ጋር መጨረሻ የተገናኛችሁት መቼ ነው?» አለቻቸው።

«ሁለት ሳምንት ይሆነናል። በስልክም አላወራንም።»

«ስለ መጽሐፉ ምን ይላሉ?»

«መቅድም የጻፍኩለት በልመና ነው» አሉ እግራቸውን አነባብረው። «የፋብሪካ ሠራተኛ ምን ጂኦግራፊ ያውቃል? ኒውፖርትን ብሎክ አይላንድ ብሎ ካርታ ላይ የሚያስገባ ሰው ነው እኮ!»

ሀረገወይን አመስግና ወጣች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁሉም በሟቹ ሳሎን ተሰበሰቡ። የከተማው መርማሪም በሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ ሳሌም በጆሮው ታስተረጉምለታለች። ሀረገወይን የመነጽሩንና የብረቱን ነገር አስረዳች። ገዳዩ አቶ ደግነትን ከኋላ መትቶ፣ የወደቁ እንዲመስሉ ወደ ደረጃው እንደጎተታቸው፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረውንም ቅጂ ይዞ እንደወጣ ተናገረች። ከዚያ ወደ ዶክተሩ ዞረች።

«ያቺ የካርታ ስህተት በአንድ ቅጂ ላይ ብቻ ነበረች። ያ ቅጂ እዚህ ቤት የገባው ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ነው። አቶ ደግነት ከዚያ በኋላ የደወሉት ለዘነበ ብቻ መሆኑን ስልካቸው ይናገራል፤ ዘነበም ለማንም አልተነፈሰም። ስህተቷን ያየ ሰው ቅዳሜ ምድር ቤት ነበር ማለት ነው። እርስዎ ነገሩኝ እንጂ እኔ አልጠየቅኩዎትም። ዝም ቢሉ ኖሮ ምንም አልነበረኝም። ሰው መናቅ ስለሚጥምዎ አፍዎን መግታት አቃተዎት።»

ዶክተሩ ፈገግ አሉ። «ለምን ብዬ ነው የምገድለው? ለካርታ?»

«ለባቡሩ» አለች። «ወደ ኒውፖርት የሚሄድ የመንገደኛ ባቡር የለም። ከቀረ ብዙ ዘመኑ ነው። በድልድይ በመኪና ወይም በአውቶቡስ ይገባል፤ በበጋ ደግሞ ጀልባ አለ። ይኼ መቅድም በጻፍክለት መጽሐፍ ምዕራፍ ሦስት ላይ ተጽፏል፤ አላነበብከውም። እዚያ ሃያ ዓመት የኖሩት ሰውዬ ግን ያንተን አነበቡት። ፕሮቪደንስ ያለውን ዩኒቨርሲቲ ጠይቄያለሁ፤ በስምህ የተመዘገበ ተማሪ ኖሮ አያውቅም።»

እርስዎ ማለቷን እንደተወች ሁሉም ሰምቷል። ‹ዶክተር በይው› ብሎ ያረማት ግን ማንም አልነበረም።

መርማሪው ተነሥቶ በፕላስቲክ የታሸገ ጥራዝ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ጠዋት ፍሬምናጦስ በሌለበት፣ ፖሊሶች የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዘው ገብተው ቤቱ ከመጻሕፍቱ መሃል ያገኙት የማረሚያ ቅጂ ነው። መቅድሙ ከላይ እስከ ታች በቀይ ቀለም ተሰርዟል። በኅዳጉ ላይ በአቶ ደግነት እጅ፣ ‹ይህን እሑድ በምረቃው ላይ ራሴ አነብበዋለሁ› ተብሎ ተጽፏል። ፎቶግራፉን ግን አልነኩትም።

«ለምን አላቃጠለውም?» አለ ዘነበ ግራ ተጋብቶ።

«የገዛ ፎቶግራፉ አለበታ» አለች ሀረገወይን።

ፍሬምናጦስ ወደ ቅጂው ዞር ብሎ አላየም። እጁ ሲታሰር አንገቱን ወደ ወይዘሮ ፋንታዬ መለሰ።

«እዚያ የኖረ ሰው ውሸቴን እንደሚያውቅ ዘግይቶ ገብቶኝ፣ ለይቅርታ ነበር የመጣሁት» አለ። «መቅድሙን ላነሣው፣ እሱም ዝም እንዲለኝ ልለምነው። ሳቀብኝ። እንባው እስኪወርድ ሳቀብኝ፤ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ንባቡን ቀጠለ። አሳሳቁን እርስዎ ያውቁታል።»

ወይዘሮ ፋንታዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ተመለከቱት።

«ሠላሳ አንድ ዓመት በእኔም ስቋል» አሉ። «እኔ እራቱን አቀርብለት ነበር።»